«ተራሽ ነው!»፦ የገጸ ባሕርይ ቅጽን ከጨዋታው ጠረጴዛ ተነሥቶ መንደፍ

ዳይሱ ተንከባልሎ 14 ላይ ቆመ። አዲሷ ተጫዋች ወደ ቅጿ አጎነበሰች። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። «ስንት ነው የምጨምረው?» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ «የጥንካሬሽን» ብሎ መለሰላት። «ጥንካሬ» ከሚለው ቃል ሥር በትልቁ የተጻፈው 16 ነበርና «30!» ብላ ጮኸች። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዳይስ በጣለች ቁጥር ቅጿን ወደ ጎረቤቷ እየገፋች «እባክህ አንተ ደምርልኝ» ማለት ያዘች።

መጨመር የነበረባት 5 ብቻ ነበር። የጥንካሬ ውጤት 16 ሲሆን የሚያስገኘው ጭማሪ 3 ነው፤ የአንደኛ ደረጃ ተዋጊ በሠለጠነበት መሣሪያ ሲመታ ደግሞ 2 ይታከልለታል። 14 እና 5 ተደምረው 19 ይሆናሉ፤ የጎብሊኑ (የምትዋጋው ምናባዊ ፍጡር) መከላከያ 15 ስለሆነ ድምሩ ይበልጠዋል፣ ሰይፏም ያርፍበታል። ልጅቷ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት፤ መደመር አያቅታትም። ቅጹን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ያሳታትም እሱ ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ አራት ጊዜ ለውጬዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው የለወጥኩበት መንገድ ነው።

ጨዋታው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት ሲሆን በ1974 በአሜሪካ ታትሞ ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰው የጨዋታ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በሩን ሰብሬ እገባለሁ»፣ «እኔ ከጠባቂው ጋር ወሬ እጀምራለሁ» እያሉ ታሪኩን ያስኬዱታል። ነገሩ የሚያጠራጥር ሲሆን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። የገጸ ባሕርዩ ጉልበት፣ ችሎታ፣ መሣሪያና የቀረው ሕይወት የሚሰፍረው በአንድ ቅጽ ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም ናቸው።

ቅጹን የለወጥኩበት መንገድ የተጠቃሚ ተሞክሮ ዲዛይን ይባላል። ይህ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የስልክ መተግበሪያ ይታየዋል። ዘዴው ግን ከስክሪን ጋር አልተጋባም። አንድ ሰው አንድ ዕቃ ይዞ ሲታገል ማየት፣ የታገለበትን ቦታ ማስተካከል፣ ተመልሶ ማየት ነው። ለዚህ የጨዋታ ቅጽ ከማንኛውም መተግበሪያ ይመቻል፤ ወረቀት፣ እርሳስና መቀስ ይበቃሉ።

መጀመሪያ አንዲት ቅጽበት ይምረጡ

«የተሻለ ቅጽ እሠራለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው ማብቂያ የለውም። ቅጹ ብዙ ሥራ አለበት፤ ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ይሞላል፣ ውጊያ ላይ ይነበባል፣ ዕቃ ሲገዛ ይመዘገብበታል፣ ደረጃ ሲጨምር ይታደሳል። ከእነዚህ አንዱን ይምረጡና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። የእኔ እንዲህ ይል ነበር፦ «ጨዋታውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚጫወት ሰው ተራው ሲጠራ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ በዳይሱ ላይ የሚጨምረውን ቁጥር ያገኛል።» ማን፣ መቼ፣ ምን፣ በስንት ጊዜ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ዓረፍተ ነገሩ ምኞት ነው።

ይህችን ቅጽበት የመረጥኩት በከንቱ አይደለም። እኔን ጨምሮ ቅጽ በቤቱ የሚሠራ ሰው የመመሪያ መጽሐፉን ቅደም ተከተል መከተል ይቀናዋል፤ ስም፣ ዘር፣ ሙያ፣ ስድስቱ መሠረታዊ ብቃቶች፣ ከዚያ የቀረው። ይህ ገጸ ባሕርዩ የሚፈጠርበት ቅደም ተከተል ነው። ገጸ ባሕርይ ግን የሚፈጠረው በአንድ ምሽት ነው፤ ቅጹ በእጅ የሚቆየው ለወራት። የገጹን ምርጥ ቦታ አንድ ጊዜ ለሚሠራ ሥራ መስጠት፣ ለዓመት በዓል ብቻ የሚወጣውን ብርጭቆ ከዕለት መጠጫው ፊት እንደ መደርደር ነው።

ያረጁ ቅጾችን ያንብቡ

ማንንም ከመጠየቅዎ በፊት ያገለገሉ ቅጾችን ይሰብስቡ። ይህን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን የምወደው እሱን ነው። ያረጀ ቅጽ አይዋሽም፣ ይሉኝታም የለውም።

ሰባት ቅጾች ሰብስቤ መስኮት አጠገብ በብርሃን አየኋቸው። በአምስቱ ላይ የሕይወት ነጥብ የሚጻፍበት ሳጥን በላጲስ ብዛት ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል፤ በአንዱ ላይ ጭራሽ ተቀድዶ በፕላስተር ተለጥፏል። የአንደኛ ደረጃ ተዋጊ 12 የሕይወት ነጥብ ይዞ ሊጀምር ይችላል፤ በአንድ ውጊያ ብቻ ያ ቁጥር አራትና አምስት ጊዜ ይፋቃል። እኔ ግን ሳጥኑን የሠራሁት እንደ ስምና እንደ ዘር አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚቀር ይመስል ነበር። በተቃራኒው «የዓይን ቀለም» እና «ክብደት» የሚሉት መስመሮች በሁሉም ላይ ባዶ ናቸው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን ኅዳጉ ነው። አንዲት ተጫዋች በቅጿ ግራ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ «ሰይፍ፦ 5 ጨምሪ። ከመታ ባለ 8ቱን፣ 3 ጨምሪ» ብላ ጽፋ ሦስት ጊዜ አክብባዋለች (ባለ 8 ገጹ ዳይስ የሚጣለው የጉዳቱን መጠን ለማወቅ ነው)። እኔ ሙሉ ገጽ ፈጅቼ ያልነገርኳትን በአንዲት መስመር ለራሷ ጽፋዋለች። በእርስዎም ዘንድ በኅዳግ የተጻፈ ነገር ካገኙ ሳይነካ ይቅዱት፤ የቀጣዩ ቅጽ ረቂቅ እሱ ነው።

ሰዓት ይዘው ይቀመጡ

ቀጥሎ አንድ ሙሉ ጨዋታ ይመልከቱ። የጨዋታ መሪ ሆነው ግን አይመልከቱ። መሪ ሲጠየቅ መመለስ ልማዱ ነው፤ ጥያቄው ገና ሳያልቅ «5 ጨምር» ይላል፣ እርስዎ ሊያዩት የመጡትም ችግር በአየር ላይ ይጠፋል። ከጠረጴዛው ጥግ ይቀመጡ፤ በእጅዎ ማስታወሻ ደብተርና የሰዓት መቁጠሪያ ይኑር። ለእያንዳንዱ ተራ የሚጻፈው አጭር ነው። ከእኔ ደብተር አንዱን ልቅዳ፦

«ተዋጊ፣ ሦስተኛ ተራ። ውሳኔ፦ 40 ሰከንድ (ትሽሽ ወይስ ትቁም)። ቁጥር ፍለጋ፦ 22 ሰከንድ። ጣት፦ መሐል፣ ላይ፣ ጀርባው ገጽ። ቃል በቃል፦ "መከላከያዬ የትኛው ነው?" የመለሰው፦ ጎረቤት።»

ውሳኔና ፍለጋ ለየብቻ መጻፋቸውን ልብ ይበሉ። ጨዋታን የሚያጠና ሰው ከባንክ ማሽን አጥኚ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት የሚባክን ሰከንድ ሁሉ ኪሳራ ነው። እዚህ ግን ከድልድዩ ላይ ልዝለል ወይስ ጓደኛዬን ልጠብቅ ብሎ መጨነቅ ራሱ ጨዋታው ነው፤ ያንን ያሳጠረ ቅጽ ጨዋታውን ሰረቀ። ማጥፋት ያለብን «የት ነው የተጻፈው?» የሚለውን ብቻ ነው። በእኔ ደብተር የመጀመሪያው ማታ ከተጻፉት ጥያቄዎች ሁለት እጁ ያህሉ «የት» እና «የትኛው» በሚሉ ቃላት የሚጀምሩ ነበሩ፤ ቀሪዎቹ ስለ ጨዋታው ሕግ ነበሩ፣ እነሱን ቅጽ አይፈታቸውም።

ተጫዋቾችን ማነጋገር ካለብዎት ከጨዋታው በኋላ ያነጋግሩ፤ ያለፈውን እንጂ የሚሹትን አይጠይቁ። «ቅጹ ምን ቢኖረው ትወጃለሽ?» ብለው ቢጠይቁ የሌለ ሰው ፍላጎት ይሰማሉ። «ቅድም አስማተኛው ሲወድቅ ምን ፈለግሽ? የትስ አየሽ?» ይበሉ።

ቁርጥራጭ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ

አሁን ቅጹ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነገር በየብቻው በትናንሽ ወረቀት ይጻፉ። የእኔ 40 ያህል ሆኑ። ለአንዲት ተጫዋች ይስጡና «በየተራው የሚያስፈልግሽ»፣ «አልፎ አልፎ» እና «ጨዋታ ሲያልቅ» ብላ በሦስት ክምር ትለያቸው። ከዚያ የመጀመሪያውን ክምር አብረው የሚሄዱትን አጠጋግታ ታስቀምጥ። አይርዷት።

በእኛ ጠረጴዛ የመጀመሪያው ክምር ዘጠኝ ወረቀት ብቻ ነበር። ስድስቱ መሠረታዊ ብቃቶች፣ ማለትም ገጹን ሲሶ የያዙት ባለ ግርማ ሳጥኖች፣ ሦስተኛው ክምር ውስጥ ገቡ። ትክክል ናት፤ ከጥቂት ሕጎች በቀር 16 የሚለው ውጤት የሚፈለገው 3 የሚለውን ጭማሪ ለማውጣት ነው። ጭማሪው ከወጣ በኋላ 16 ወደ ኋላ ገጽ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ሥራ ሌላም ነገር ያጋልጣል፤ ስያሜን። ቅጹን ወደ አማርኛ ስንመልስ የሰውነትን ጽናት የሚለካው ብቃት በእንግሊዝኛ የያዘው ስም ከሀገር መተዳደሪያ ሕግ ጋር አንድ ቃል ነው። የኮምፒውተር መተርጎሚያው ሳያቅማማ «ሕገ መንግሥት» አለን። «ሕገ መንግሥቴ 14 ነው» የሚለው ለአንድ ወር ያህል ቀልዳችን ሆኖ ከረመ። ቀልዱ ቀላል ነው፤ ከባዱ «ጥበብ» እና «ብልህነት» ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ሁሉም ሰው አንድ ላይ ደረባቸው፤ በአማርኛ ጆሮ ጥበበኛ ሰው ብልህ ነው። በጨዋታው ግን አንደኛው ማየትን፣ መስማትንና የሰው ልብ ማንበብን ይገዛል፤ ሌላው የተማሩትን ማስታወስን። «ጥበብ»ን «ማስተዋል»፣ «ብልህነት»ን «ዕውቀት» ብለን ስንለውጥ ክርክሩ በዚያው ቀረ። መዝገበ ቃላት ይህን አያወጣውም፤ ወረቀት የያዘች እጅ ያወጣዋለች።

ረቂቁን በእርሳስ

ኮምፒውተር አይክፈቱ። ኤ4 ወረቀት አጥፈው በእጅ ይሣሉ፤ በእጅ የተሣለን ነገር ሰው ለመተቸት አይፈራም፣ እርስዎም ለመጣል አይሳሱም።

የምሽቱን ዋና ቁጥር ተደምሮ ያለቀ ያድርጉት። በፊት ሦስት ቦታ ተበታትኖ የነበረው ጥቃት አሁን በአንድ መስመር ይነበባል፦ «ሰይፍ፦ ባለ 20 ዳይስ +5፤ ከመታ ባለ 8 ዳይስ +3»። ከየዳይሱ ስም ፊት የዳይሱን ቅርጽ በመስመር ይሣሉ። ጀማሪ ባለ 8ቱን ከባለ 10ሩ፣ ባለ 12ቱን ከባለ 20ው መለየት ይቸገራል፤ ቁጥር ከማንበብ ቅርጽ ማመሳሰል ይፈጥንለታል። ዳይሶቹን በቀለም ብቻ መለየት ግን አያዋጣም። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለበት፤ ደግሞም ቅጹ የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ማተሚያ ነው።

የጥቃት መስመሮቹ ከአራት አይብለጡ። ምርጫ በበዛ ቁጥር ውሳኔ እንደሚዘገይ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዊልያም ሂክ በ1952 በሙከራ አሳይቷል፤ ጀማሪ ደግሞ 11 መስመር ካየ የመጀመሪያውን ይይዝና ሌላውን ይረሳዋል።

ቀጥሎ እጅን ያስቡ። በቀኙ የሚጽፍ ሰው እርሳስ ሲያነሣ የገጹን ቀኝ ታች በክንዱ ይሸፍነዋል፤ ግራኙ በተቃራኒው። ስለዚህ የሚነበበውን ላይ፣ የሚጻፍበትን ታች መሐል አደረግሁ። ለሕይወት ነጥብ የመጣው መፍትሔ ከሁሉም ርካሽ ነው፦ በቅጹ ጠርዝ ቁልቁል ከ0 እስከ 30 ቁጥር ጻፍኩና የወረቀት መያዣ ሽቦ ሰካሁበት። ጉዳት ሲደርስ ሽቦው ይወርዳል፣ ሲታከሙ ይወጣል። ላጲስ አያስፈልግም፤ የጨዋታ መሪውም ከወዲያ ማዶ ሆኖ ማን ሊሞት እንደተቃረበ ያያል።

ለአማርኛ ቅጽ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በላቲን ፊደል የተሠራ ቅጽ ርዕስን በትልልቁ ፊደል፣ ማብራሪያን በተጋደመ ፊደል ይለያል። ግዕዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ ሲጋደምም ያምራል አልልም። የቀረን መሣሪያ ውፍረት፣ መጠንና ባዶ ቦታ ነው፤ በተለይ ባዶ ቦታን አይንፈጉት። ፊደሉንም አያሳንሱ። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው አንዲት ጭረት የምትቀመጥበት ቦታ ናት፤ ከ10 ነጥብ በታች ሲወርድ በደበዘዘ መብራት አንድ ይሆናሉ። ቃል ማሳጠር ግን ብዙም አያስፈልገንም፤ «ጥንካሬ» አራት ፊደል ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ለውበት ብዬ ቁጥሮቹን በግዕዝ አኃዝ ጽፌ ነበር። ፲፮ን አይቶ ያላደነቀ አልነበረም፤ ደምሮበት የተሳካለት ግን አንድም የለም።

ሙከራው፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ

የአጠቃቀም ምቾት ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2000 ባወጣው ጽሑፍ 5 ሰዎችን መሞከር 85 በመቶ ያህሉን ችግር እንደሚያሳይ ተከራክሯል። የአንድ የጨዋታ ጠረጴዛ ሰው ብዙ ጊዜ አራት ወይም አምስት ስለሆነ «ቁጥሩ ሞላ» ማለት ያጓጓል። አይሞላም። አንድ ላይ የተቀመጡ አምስት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ናቸው፤ አንዱ ሲቸገር ሌላው በሹክሹክታ ይነግረዋል። ለየብቻቸው ያስቀምጧቸው።

ለፈተናው ሦስት አጫጭር ሁኔታዎች ይበቃሉ፤ ቅጹ ላይ የተጻፈውን ቃል ግን አይጥሩ። «የጥቃት መስመሩን ፈልጊ» ካሉ መልሱን ነገሯት። «ጎብሊኑ እየሮጠ መጣ። በሰይፍሽ ልትመቺው ነው፤ ቀጥይ» ይበሉ። እያሰበች እንድትናገር ይጠይቋት። ይህ ለሰው ሁሉ ባዕድ ነገር ስለሆነ መጀመሪያ እርስዎ በሌላ ነገር ያሳይዋት፤ ለምሳሌ በስልክዎ ላይ የአንድ ሰው ቁጥር ሲፈልጉ የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገሩ። ከዚያ ዝም ይበሉ። «ይሄ ነው እንዴ?» ስትል «አንቺ ምን ይመስልሻል?» ብለው ይመልሱ። ዝምታው ይከብዳል። እኔ እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጥ ነበር፤ አለበለዚያ ጣቴ ራሱ ሄዶ ይጠቁማል።

ትልቁ ጠላት ግን ይሉኝታ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሠሩትን ቅጽ ይዘው ፊቷ ሲቀመጡ «በጣም ጥሩ ነው» ከማለት ሌላ ምን ትበል? ሁለት ነገር ረድቶኛል። አንደኛ፣ ቅጹ የአንድ ወዳጄ ሥራ እንደሆነና እንከኑን እንድፈልግለት እንዳዘዘኝ ተናገርኩ። ውሸት ነው፣ ከሙከራው በኋላ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ፤ ደስ የማይላችሁ ሁለተኛውን ብቻ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ረቂቅ አቀረብኩ። «ጥሩ ነው ወይ?» ለሚለው የጨዋ መልስ አንድ ነው፤ «የትኛው ቀለለሽ?» ሲባል ግን አንዱን መንቀፍ ነውር መሆኑ ይቀራል።

ለየብቻ ሲያልፍ ወደ እውነተኛው ጠረጴዛ ይመልሱት። የእኛ መሪ ለግርማ ሞገስ ብሎ መብራት አጥፍቶ ሻማ ያበራል። በቢሮዬ ውስጥ ያማረው ግራጫ ጽሑፍ በሻማ ብርሃን ጨርሶ አልታየም። በሦስተኛው ረቂቅ ላይ ግራጫ የሚባል ቀለም አልቀረም።

ካዩት ችግር ሁሉ በየተራው የሚደጋገመውን መጀመሪያ ያስተካክሉ፤ በአንድ ዙርም ብዙ አይለውጡ፣ የትኛው ለውጥ እንደሠራ አያውቁምና። በጆን ብሩክ በ1986 የተዘጋጀ ባለ 10 ጥያቄ የአጠቃቀም መመዘኛ አለ፤ ለትልቅ ሥራ ይጠቅማል። ለአምስት ሰው ጠረጴዛ ግን ሰዓት መቁጠሪያው ይበልጣል።

ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ለመውሰድ ካሰቡ

ፕሮግራም ከመጻፍዎ በፊት አንድ ሰው ፕሮግራም ይሁን። ተጫዋቹ የወረቀት ስክሪን ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ከጎኑ የተቀመጠ ረዳት አስልቶ ቀጣዩን ወረቀት ያቀርባል። ሁለት ሰዓት በዚህ ቢያሳልፉ የሦስት ወር የኮድ ጽሕፈት ሊተርፍዎት ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ፤ ሁሉን የሚደምር መተግበሪያ 5 ከየት እንደመጣ ይደብቃል። ቁጥሩ ሲነካ «3 ከጥንካሬ፣ 2 ከሥልጠና» ብሎ ይዘርዝር፤ አለዚያ ስልኩ የጠፋ ቀን ጨዋታውም ጠፋ።

ያማረ ቅጽ ደግሞ መሰራጨቱ አይቀርም። የጨዋታውን መሠረታዊ ሕጎች የያዘው ሰነድ (ቅጂ 5.1) በጥር 2023 ምንጩን እየጠቀሱ መጠቀምን በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ወጥቷል፤ ስለዚህ በእሱ ውስጥ ያለውን ተርጉሞ ቅጽ ላይ ማስፈር ይቻላል። ስዕሎቹንና ሌሎቹን መጻሕፍት ፈቃዱ አይሸፍንም።

አራተኛው ረቂቅ ጠረጴዛ ላይ በቀረበበት ማታ ገንዘብ ከፋይዋ እንደ ወትሮዋ ከጎረቤቷ አጠገብ ተቀመጠች። «ተራሽ ነው!» ተባለች። ዳይሱ 11 ላይ ቆመ። ዓይኗ አንዴ ወደ ወረቀቱ ወርዶ ተመለሰ፤ «16» አለች፣ ባለ 8ቱን ዳይስ ቀድማ አንሥታ ይዛዋለች። በደብተሬ ላይ «6 ሰከንድ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ አስማተኛው ተጠራ። ቅጹን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ፣ ከዚያ ወደ እሷ ዞር ብሎ «የቀረኝ አስማት ስንት ነበር?» አላት። አዲስ ገጽ ገለጥኩ።